ቃሉን ከጅራቱ ያዢው

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የሕክምና ቃላት አልገባ ብለውኝ ነው የምጽፍልዎት። ባለፈው ሴሚስተር ከሃንድአውቱ ላይ ወደ 300 ቃል ከነትርጉሙ ሸምድጄ ፈተና ገባሁ። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ሲመጣ ግማሹ ጠፋኝ። በቀደም ደግሞ ዋርድ ላይ መምህራችን ‹ኮሌሲስቴክቶሚ ምንድን ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ሐሞት ከረጢት ላይ ቀዳዳ መክፈት› አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዷ ጓደኛዬ ቃላቱን በሥርና በቅጥያ ከፋፍለሽ ተማሪ ትለኛለች። ሌላዋ ‹የሞተ ቋንቋ ተምረሽ ምን ልታመጪ ነው፣ ዝም ብለሽ ሸምድጂ› ትላለች። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። የቷን ልስማ?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

መጀመሪያ ስለሳቁት ልጆች ልበልሽ። ከሳቁት ውስጥ ግማሾቹ መልሱን አያውቁትም ነበር። ይህን ከልምድ ነው የምነግርሽ፤ እኔም ሳላውቅ ብዙ ስቄያለሁ። ደግሞ መልስሽ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ሐሞት ከረጢት መሆኑን አግኝተሻል። የሳትሽው ጅራቱን ነው።

እስቲ ቃሉን አብረን እንገንጥለው። «ኮሌ» በግሪክ ሐሞት ነው። «ሲስት» ከረጢት ነው። እዚህ ድረስ ደርሰሽበታል። የቀረው «ኤክቶሚ» ነው። «ቶሚ» መቁረጥ ማለት ነው፤ አንቺም ሳታውቂው ታውቂዋለሽ። ኬሚስትሪ ላይ አቶም ተምረሽ የለ? «አ» የማይ፣ «ቶም» የሚቆረጥ። የማይቆረጥ ነገር ማለት ነው። (ኋላ ላይ ተቆረጠ እንጂ።) ከ«ቶሚ» ፊት «ኤክ»፣ ማለትም «ወደ ውጭ» ሲገባበት ቆርጦ ማውጣት ይሆናል። ስለዚህ ኮሌሲስቴክቶሚ ሐሞት ከረጢትን ቆርጦ ማውጣት ነው። አንቺ የመለስሽው የእህቱን የኮሌሲስቶስቶሚን ትርጉም ነው። «ስቶማ» አፍ ነው፤ «ኦስቶሚ» የሚለው ጅራት አፍ ማበጀትን ይናገራል። ኮሎስቶሚ የተሠራለት ሕመምተኛ ዋርድ ላይ አይተሽ ከሆነ፣ ሆዱ ላይ ያለችው ቀይ ክፍት ቦታ ያቺ አፍ ናት። «ኤክ» ሳይኖር «ኦቶሚ» ብቻ ከመጣ ደግሞ ቆርጦ መክፈት ነው፤ ላፓሮቶሚ ሆድን መክፈት እንደሆነው ሁሉ።

ልዩነቷ በፊደል ትንሽ ናት። ለታካሚዋ ግን አንዱ ሐሞት ከረጢቷን ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄድበት፣ ሌላው ትታው የምትሄድበት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያዋን ጓደኛሽን ስሚ። ግን ሥሮቹንም እንደ ሃንድአውቱ በዝርዝር ልትሸመድጂ ከሆነ፣ የሁለተኛዋ ምክር ተመልሶ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። 300 ቃል ትተሽ 300 ቁርጥራጭ ብትሸመድጂ ምን ተረፈሽ?

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ስላልሽው፣ እነዚህ ቃላት እንግሊዝኛ አይደሉም። የሕክምና ጽሑፍ ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከሂፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ በግሪክ ይጻፍ ነበር፤ ሮማውያን ላቲኑን ጨመሩበት። ሐኪሙ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ስለ ሰው ገላ አሠራር ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እንኳ በላቲን ነው። ስለዚህ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ተማሪም «ኮሌሲስት» ስትሰማ እንዳንቺው ግር ይላታል። እንዲያውም አንቺ ትሻያለሽ ባይ ነኝ።

ለምን በይኝ። አማርኛ ራሱ በሥር የሚሠራ ቋንቋ ነው። ታመመ፣ ሕመም፣ ታማሚ፣ አሳማሚ፣ አስታማሚ። አምስቱንም ማንም አላስሸመደደሽም። አንዱን ሥር ይዘሽ ከፊት «አስ» ሲገባበት፣ ከኋላ ሲቀየር፣ ትርጉሙ የት እንደሚሄድ ጆሮሽ ያውቀዋል። የሕመምተኛውን አልጋ ጠርዝ ይዞ ያደረውን ሰው «አስታማሚ» ስትዪው ሰዋስው አላሰብሽም።

«ሐሞተ ቢስ» የሚለውን ደግሞ ተመልከቺ። «ሐሞት ቢስ» አንልም፤ ለምላስ አይመችም። «ት» ወደ «ተ» ተለውጦ ሁለቱን ያያይዛል። ሐሞተ መራራ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ እድለ ቢስ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በግሪኮቹ ቃላት መሐል እየገባ የሚያደናግርሽ «ኦ» ሥራው ይኸው ነው። ጋስትር (ጨጓራ) ከስኮፒ (መመልከት) ጋር ሲጋጠም ጋስትሮስኮፒ ይሆናል። «ኦ»ው ትርጉም የለውም፣ ማያያዣ ነው። ቀጣዩ ክፍል በአናባቢ ከጀመረ ግን ማያያዣ አያስፈልግምና ይወድቃል፤ ጋስትራይተስ እንጂ ጋስትሮአይተስ አይባልም። ይህን የነገረኝ ቢኖር የመጀመሪያ ዓመቴ እንዴት በቀለለ!

«ኢ»ንም ታውቂያታለሽ። ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ። ግሪኮቹ በ«አ» ወይም በ«አን» ያደርጉታል። «ኤሚያ» የደም ነገር ነው፤ አኒሚያ ያለ ደም፣ እኛ የደም ማነስ የምንለው። አፕኒያ ትንፋሽ ማጣት፣ አኑሪያ ሽንት አለመኖር።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምንሰማው ግሪክ ነው። ኤጲስ ቆጶስ የሚለውን ማዕረግ ስትሰሚ አድገሻል። «ኤጲ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች። ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የሚመለከት ማለት ነው። ያው «ኤጲ» ነው ኤፒጋስትሪክ ላይ ያለው። ከጨጓራ በላይ ያለው የሆድ ክፍል ነው፤ «ጨጓራዬን» የሚል ሰው ሁሉ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ። ያው «ስኮፖስ» ነው ኢንዶስኮፒ ላይ ያለው፤ «ኢንዶ» ውስጥ፣ ወደ ውስጥ መመልከት። ሲኖዶስ «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ ነው። ሲንድሮም ደግሞ አብረው የሚሮጡ ምልክቶች። ኦርቶዶክስን ርትዕት ብለን እንተረጉመው የለ? «ኦርቶ» ቀጥ ያለ ነው።

ሙስሊም ከሆንሽም ድርሻሽ አልቀረም። መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ቆዳ የምትጠርጊበት አልኮል ስሙ ዓረብኛ ነው፤ «አል ኩሕል»፣ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል። መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት መጠሪያ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ወደ ፈሳሹ ዞረ።

አሁን «አይተስ» ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምታገኚው ጅራት እሱ ነው። መጽሐፉ ብግነት ብሎ ይተረጉምልሻል። ልክ ነው። ሮማዊው ሴልሰስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ አራት ምልክቶቹን መዝግቦ አስቀምጧል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ ማመም። የጥርስ ሕመም ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ አራቱንም በአንድ ጉንጭ ላይ አይተሻቸዋል። መነሻው ግን ብግነት አልነበረም። በድሮው ግሪክ አርትራይተስ ማለት «የመገጣጠሚያ» ማለት ብቻ ነበር። «በሽታ» የሚለው ቃል ተውጦ ነው የቀረው። እኛስ? «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። «ቶንሲል ያዘኝ» እንላለን። ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል! የብልቱን ስም ጠርተን በሽታውን እንውጠዋለን። ግሪኮቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እኛን የሚለየን እነሱ ጅራት ቀጥለውበት መተዋቸው ነው።

ጅራቱን ከያዝሽ በኋላ ወደ ፊቱ ሂጂ፣ መሐሉን መጨረሻ ላይ ተይው። ልብ ላይ እንሞክረው። ካርድ ልብ ነው። ፔሪካርዳይተስ፣ «ፔሪ» ዙሪያ፣ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት ብግነት። ማዮካርዳይተስ፣ «ማዮ» ጡንቻ፣ የልብ ጡንቻ ብግነት። ኢንዶካርዳይተስ፣ የውስጠኛው ሽፋን ብግነት፤ የልብ በሮቹም እዚያው አሉ። ሦስት ቃል ሸመደድሽ? አይ፣ የልብን ግድግዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ተማርሽ። አናቶሚው በነፃ መጣልሽ።

ሄፓቶስፕሌኖሜጋሊ የሚለውን ቃል ቻርት ላይ ሳታይ አትመረቂም፤ በተለይ ካላ አዛር የሚባለው የተውሳክ በሽታ ያለበት አካባቢ ከተመደብሽ። ስታዪው ያስደነግጣል፣ ባቡር ያህላል። ከጅራቱ ያዢው። «ሜጋሊ» ትልቅ መሆን ነው፣ ያው የዜናው ሜጋ ፕሮጀክት። «ሄፓት» ጉበት፣ «ስፕሌን» ጣፊያ። ጉበትና ጣፊያ አብጠዋል፣ አለቀ።

ይህ መከፋፈል ለፈተና ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ ጊዜ ራውንድ ላይ ሐኪሞቹ አንድ አባት አልጋ ዙሪያ ቆመው «ስፕሌኖሜጋሊ» እየተባባሉ ሄዱ። ሽማግሌው ቀስ ብለው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ ያሉት ነገር ገዳይ ነው?»

«አይ አባባ፣ ጣፊያዎ አብጧል ነው ያሉት። ምክንያቱን እየፈለጉ ነው።»

«እሱማ ድሮም ይታወቀኛል» ብለው ከግራ ጎድናቸው ሥር እጃቸውን አሳረፉ። ልክ ቦታው ላይ። ከዚያ ዞረው ተኙ። ቃሉን ከፋፍለሽ ካላወቅሽው ወደ አማርኛ መልሰሽ ልትነግሪያቸው አትችዪም፤ «ሐኪሙን ይጠይቁት» ብለሽ ታልፊያለሽ።

እንግዲህ ወደ ወጥመዱ። ሥር ማወቅ ግምት ይሰጥሻል፣ ማረጋገጫ አይሰጥሽም። ይህን በደንብ ያዢልኝ፣ እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ላቦራቶሪ ስልክ ደወለ፣ መስመሩ ይንሿሿል፣ ከጎኔ ሕፃን ያለቅሳል። «ሃይፐርካሌሚያ» ያለኝን «ሃይፖካሌሚያ» ብዬ ጻፍኩ። «ሃይፐር» ከመጠን በላይ፣ «ሃይፖ» ከመጠን በታች። «ካል» ፖታሲየም ነው፤ ላቲኑ ካሊየም ይለዋል፣ እሱም ከዓረብኛው «ቃሊ»፣ ከተክል አመድ የመጣ ነው። «ኤሚያ»ን አውቀሻታል፣ ደም ውስጥ። ቃሉን ገንጥዬ ተረድቼው ነበር እኮ! ፖታሲየም አንሶታል አልኩ። ለተረኛው ሐኪም ልነግር ስነሳ አንዲት ነባር ሲስተር ከወንበሯ ሳትነሳ «ቁጥሩን ስንት አሉሽ?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። መልሼ ደወልኩ። 6.8 ነው አሉኝ። የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። ያንን ታካሚ ፖታሲየም ጨምረንበት ቢሆን ኖሮ ልቡ ሊቆም ይችል ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። እሷ ምንም አላለችኝም፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሳልጽፍ፣ መልሼም ሳላነብላቸው ስልክ ዘግቼ አላውቅም።

ስለዚህ ትንንሾቹን ቅድመ ቅጥያዎች ከሁሉ አብልጠሽ ፍሪያቸው። ሃይፖና ሃይፐር፣ ታኪና ብራዲ፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ። የቃሉ አናት ላይ ይቀመጡና ትርጉሙን ገልብጠውት ያርፋሉ።

መልክ የሚመሳሰሉም አሉ። «ማዮ» ጡንቻ፣ «ማይሎ» መቅኔ፣ «ማይኮ» ፈንገስ። «ፔድ» በግሪክ ልጅ ነው፣ በላቲን እግር ነው። ኦርቶፔዲክስን ብዙ ሰው የእግር ነገር ይመስለዋል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1741 የፈጠረው ፈረንሳዊው ኒኮላ አንድሪ ግን ልጆችን ማሰቡ ነበር፤ የልጆችን ገላ ቀጥ ማድረግ። ኢሊየም የሚባል የትንሹ አንጀት መጨረሻ አለ፣ ኢሊየም የሚባል የዳሌ አጥንትም አለ። በእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል ትለያቸዋለች። በእኛ ፊደል ስጽፋቸው ያቺም ጠፋች፣ ይኸው!

«ኦማ»ም ታስደነግጣለች። ሊምፎማና ማይሎማ ካንሰር ስለሆኑ ተማሪ ሁሉ «ኦማ» ሲያይ ካንሰር ይላል። ሄማቶማ ግን የተጠራቀመ ደም ነው። ትራኮማም ካንሰር አይደለም፤ ሻካራነት ማለት ነው፣ የዓይን ቆብ ውስጡን ገልብጠው ሲያዩት እንደሚሻክረው። እስቲ አሁን ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና ወደ ታች ሳቢው። ቀለበት ቀለበት ይልሻል። ትራኪያ ነው፣ የአየር ቧንቧው። ስሙ ከዚያው ሥር ነው፣ ሻካራው ማለት። ከዛሬ በኋላ ትራኮማንና ትራኪያን የምትረሺ አይመስለኝም።

አንዳንዴም ሥሩ ራሱ ውሸት ነው። ማላሪያ በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ነው። ሰው ከረግረግ የሚነሳ አየር ያመጣዋል ብሎ ያምን ነበርና። ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1897 የወባን ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ጎኖሪያም እንዲሁ፣ ዘር መፍሰስ ማለት ነው። የሚፈሰው መግል እንጂ ዘር አይደለም። ሥሩ የሚነግርሽ ስም ያወጣው ሰው ያን ዕለት ያሰበውን ነው። ካላ አዛርን ደግሞ በግሪክ ብትገነጥዪው እስኪነጋ ትለፊያለሽ፤ ከሕንድ የመጣ ስም ነው። ተውሳኩ ሊሽማኒያም ሊሽማን ከሚባል ሐኪም ስም የተወሰደ ነው። የሰው ስም አይገነጠልም፣ እንዳለ ይያዛል።

ለአንድ ብልት ሁለት ሥር መኖሩም ያናድዳል። ኩላሊት በግሪክ «ኔፍር»፣ በላቲን «ሬን»። ብዙውን ጊዜ ብልቱንና ደም ሥሩን ስትጠሪ ላቲኑን ታገኛለሽ፣ ሪናል አርተሪ እንደሚባለው። በሽታውን ስትጠሪ ግሪኩን፣ ኔፍራይተስ። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ይረዳል። እኛም ውሃ እያለን ማየ አይኅ እንላለን፣ ማንም አልተቆጣንም።

እንዴት ልያዘው ካልሽ፣ ሃንድአውቱን ዝጊው። ዋርድ ስትወጪ ትንሽ ደብተር ኪስሽ ውስጥ ያዢ። በቀን አምስት ቃል፣ ያየሻቸው ሰዎች ቻርት ላይ ያሉትን ብቻ። የታካሚ ስም አትጻፊ። ማታ ቃሉን በጭረት ከፋፍይውና ከጎኑ በአማርኛ ጻፊ፤ ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ እንጂ እንደ መጽሐፉ አይደለም። በማግስቱ አማርኛውን ብቻ እያየሽ ቃሉን ራስሽ ሥሪው። የተማርሽ የሚመስልሽ ስታነቢ ነው፤ የምትማሪው ግን ሸፍነሽ ስትሞክሪ ነው። ከዚያ መዝገበ ቃላት ከፍተሽ አረጋግጪ። ግምትሽ ሲስት ደስ ይበልሽ፣ የሳትሽው ቃል ነው የማይረሳሽ። ኮሌሲስቴክቶሚን መቼም ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም።

ድምፅ አውጥተሽም በያቸው። ከዚያች ሸምድጂ ከምትልሽ ጓደኛሽ ጋር ብትጠያየቁ ጥሩ ነው፤ ሳታውቀው ትገባበታለች።

እስከዚያው አንድ ቃል ልስጥሽ፤ ኦስቲዮማይላይተስ። «ኦስቲዮ» አጥንት ነው። ሌላውን ከዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ለእናትሽ በምትነግሪያት አማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ።